የቁም ተዝካር

ከሊዝቦን ፊት ለፊት፣ ከቴዦ ወንዝ ማዶ፣
ቆማለች «አልሲዮኔ»፤ ሞተሯ በርዶ፣ ገንዳዋ ባዶ።
እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፤
የምቆርጠው ትኬት ማንንም አይወስድ፣ ካለበት ቦታ።
ስምንት ዩሮ ለአዋቂ፣ ግማሹ ለልጅ፤
ጡረተኛ በነፃ።
(እሷም ጡረተኛ ናት፣ ነፃ አልወጣችም እንጂ።)

«መቼ ነው የምትሄድ?» ይላሉ ልጆቹ፣ መሪውን ጨብጠው፤
«ነገ» እላቸዋለሁ፣ ፊቴን ሳላዞረው።
መሪው ከምንም ጋር አልተያያዘም፤
ገመዱን ቆርጠውታል፤ ቢያዞሩት ቢያዞሩት፣ እሺ ነው፤ እምቢ አይልም።

የሠርግ ቤት ትሆናለች ቅዳሜ ቅዳሜ፤
ሙሽሮች ጨፍረው፣ ሩዝ ተረጫጭተው፣ ተመኛኝተው ዕድሜ፣
እሑድ ሲነጋጋ
ሩዙን እጠርጋለሁ፣ ከጀልባዎቹ ሥር፣ ከርግቦቹ ጋ።

ከታች፣ ከሞተሩ ክፍል፣ ቤልሚሮ ኳሬዥማ አለ፤
(በኛ ቋንቋ ኳሬዥማ ማለት ዐቢይ ጾም ነው፤
ሰውየውም ከስሙ አልጎደለ።)
ሰባ ስምንት ዓመቱ፤ ደመወዙ ከቆመ ሁለት ክረምት አልፏል፤
ፓምፑን ግን በየማለዳው ያስነሣዋል።
ቀዳዳዋ የት የት እንዳለ፣ ከሱ በቀር ማን ያውቃል?
ወንዙን ከሆዷ ቀድቶ፣ ወደ ወንዙ ይደፋል፤
ሌሊት ይገባል፤ ጠዋት ይደፋል።
«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ብዬ አንድ ቀን ሣቅሁበት።
አልተቆጣም። እጄን ይዞ ወስዶ
ከብረቱ ላይ አኖረልኝ፣ ከጎድኗ አጥንት።
ይነዝራል ብረቱ፣ በቀስታ፣ እንደ እንቅልፋም ድመት።
«የሊዝቦን ጀልባ አልፋ ነው፤ ሞገዷ ነው፣» አለ።
ጨርቅ አንሥቶ መዳፉን ጠረገ፤ ቆየ።
«ወይም ራሷ ናት፣» አለ።

እናቴ ፌሊዝቤላ በዚችው መርከብ ነው ከሉዋንዳ የመጣች፤
ሦስተኛ ማዕረግ፣ የስፌት መኪናዋን
በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደታቀፈች።
አንዱ አስተናጋጅ ሕፃን መስሎት፣
ሞቅ ያለ ወተት አመጣላት።
«አላሳፈርኩትም፤ ራሴ ጠጣሁት» ትላለች።
አገር ለቅቃ ስትመጣ የቀመሰችው ደግነት እሱ ነው፤
ዛሬም ጣዕሙን ታወራለች።
ግን «ነይና እያት፣ በነፃ አስገባሻለሁ» ስላት፣ ራሷን ትነቀንቃለች፦
«እኔ ከሷ አንዴ ወርጃለሁ፤
የማይሄድ መርከብ ላይ ወጥቼ፣ ወዴት ልደርስ ነው? ምን አያለሁ?»

ሐሙስ ማታ ስብሰባ ነበር፣ በማዘጋጃ ቤት፤
አንዱ «ሆቴል ትሁን»፣ አንዱ «ሙዚየም»፣
አንዱ «ለቱርክ ብረት ቆራጮች በኪሎ ይሽጧት»፤
አንዲት የባሕር ምሁር፣ ገና ልጅ ናት፣ ተነሥታ በእርጋታ፣
«ከጥልቁ እናስጥማት፤ ለዓሦች ትሁን መራቢያ ቦታ»
አለች። ቤልሚሮን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤
ኮፍያውን ከጉልበቱ አነሣ፤ መልሶ አኖረው። ምንም አልጠየቅሁት።
የሒሳብ ሹሙ የቀለሙን ዋጋ፣ የአንድ ጎኗን ብቻ፣ አነበበ፤
አዳራሹ አፏጨ፤ ወንበር ተንጋጋ፤ ሰው ተበተነ።
ቀጠሩ። ለስድስት ወር። አምናም ለስድስት ወር ነበር።
ይህ ነው የቁም እስር፤
ዳኛው አይፈርድ፣ በሩ አይከፈት፣ ሰንሰለቱ አይሰበር።

ሌላው ሞቶ ነው፣ ተቀብሮ፣ ተዝካሩ የሚበላ፤
የሷን በቁሟ አወጡላት፣ አላስቆዩትም ለኋላ።
ከሆዷ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው፣
የድሮ የምግብ ዝርዝሯን በወርቅ ቀለም አትመው፣
የደረቀ ዓሣ በዘይት እየበሉ፣
«ምን የመሰለች መርከብ ነበረች!» ይላሉ፤
እሷ እየሰማች።
ነበረች።
(ከእግራቸው በታች ዐቢይ ጾም ውሃ ይቀዳል።)

ትናንት ስወጣ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ባሕሩ ወደ ላይ ገፍቶት፤
ሰንሰለቷ ተወጠረ፣ አቃሰተ፤
መውረጃው ድልድይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለ፤ እግሬም ሳተ።
ዘወር ብዬ አየኋት፤ መብራቷ ጠፍቷል፤ ከታች የፓምፑ ድምፅ ብቻ ይሰማል።
ወደ ትኬት ቤቴ ተመለስሁ፤
ረስቼው ኖሮ፣ የማኅተሙን ቀን
ወደ ነገ አዞርሁ።